ሁለቱ ቀይ ንግሥቶች

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ጀምራ የተወችውን የካርታ ጨዋታ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየከፈትኩ አየው ነበር። አልነካውም። አይቼው እዘጋዋለሁ።

ልጄ ነርስ ናት። የተመደበችው አርጆ ነው። ከነቀምቴ አርጆ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የተሳፈረ ሰው ለምሳ ይደርሳል። እሷም ወር በገባ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ፈቃድ እየወሰደች ትመጣ ነበር። በዚያ ክረምት ግን መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም አብሮ ዝም አለ። ምክንያቱን የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ አልጽፈውም። የምጽፈው ስለ ካርታው ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው ሰኔ ውስጥ ነበር። በምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል፣ ባጃጁ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ ትጫወታለች።

«አንቺ ልጅ፣ መኪናው ጥሎሽ ሊሄድ ነው!»

«እማዬ፣ አንድ ደቂቃ። ነይ እስቲ እዪ።»

አየሁ። ከረድፎቹ በአንዱ ላይ ጥቁሩ ንጉሥ ብቻውን ተቀምጧል። በእሱ ላይ የምትቀመጠው ቀይ ንግሥት ናት። ቀይ ንግሥቶች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዷ የልብ ምልክት አላት፣ ሌላዋ የአልማዝ። ሁለቱም ተገልጠው ይጠብቃሉ። አንዷ ከተቀመጠች ለሌላዋ ቦታ የለም።

«የቷን ላስቀምጥ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ተነሺ አሁን።»

«ሁለቱም ያሳዝናሉ» አለችና ሳቀች። ጨዋታውን ስትዘጋ ኮምፒውተሩ እንደልማዱ ይቀመጥልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ይቀመጥ አለችው። ከዚያ ተነሥታ ሳመችኝ። «እንዳትነኪብኝ፤ ስመጣ እጨርሰዋለሁ።»

«ማን ይነካብሻል!»

ባጃጁ ሄደ። ሳላማትብባት እንደሄደች ትዝ ያለኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ይህን ጨዋታ ቤታችን ያስገባሁት እኔው ነኝ። የተወለድኩት ሲሬ ነው፤ ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው እዚያ የከተሙ ገበሬዎች ናቸው። ነቀምቴ የገባሁት በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነው። ጣቴ የጠነከረው በጽሕፈት መኪና ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ተላከልንና አምስት ሴቶች ተደርድረን ተቀመጥን። ማውስ የሚባለውን ነገር ያዙ ስንባል አንዷ ጓደኛችን አንሥታ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ልጁ ሳቁን ዋጠ።

«እናቶቼ፣ እንደ ጽሕፈት መኪናው አትምቱት። ዳብሱት» አለን። እጃችን እንዲላመድ ብሎም ካርታውን ከፈተልን።

አጠገቤ የነበረችው አማተበች። «በመንግሥት ቢሮ ቁማር?»

«ቁማር አይደለም እትዬ፤ ሥልጠና ነው።»

«እንዲህ እያሉ ነው የሚያስጀምሩት» አለች። ከሁላችን ቀድማ የለመደችው ግን እሷ ናት።

ቀይ በጥቁር ላይ፣ ጥቁር በቀይ ላይ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ሌላ ሕግ የለውም ማለት ይቻላል፤ ካርታው ሁሉ ተሰብስቦ ካለቀ ጨዋታው ወጣ እንላለን። በዚያ በአረንጓዴው ሜዳ ላይ ስንቱን ካርታ እንደጎተትኩ እሱ ይቁጠረው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ ተለወጠ፣ አለቆች ስንት ጊዜ ተለዋወጡ፤ ካርታው ግን ቀረ። አንድ ጊዜ ሲሬ ለወላጆቼ ቤት ጉዳይ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ ጸሐፊዋ ወረቀቴን ተቀብላ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል አቆየችኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ካርታ ነው።

«ጥቁሯን ዘጠኝ ወደ ቀኝ ውሰጃት» አልኳት።

ደነገጠች። ከዚያ ወሰደቻት። ከሥሯ የምትፈልጋት አንድ ቁጥር ብቅ አለች። «ወይኔ እትዬ!» አለችና ሁለታችንም ሳቅን። ጉዳዬ በዚያው ጠዋት አለቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ቢሮው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ኋላ ይመጣል። በነቀምቴ መብራት ሳይሰናበት የሚሄድ እንግዳ ነው። ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፈሽ፣ ልታትሚ ስትዪ፣ ድርግም። መብራቱ ሲመለስ ደብዳቤው የለም። በዚህ ያላለቀሰች ታይፒስት አላውቅም። ስለዚህ በክፍላችን ውስጥ ሕግ ነበረን፤ አምፖሉ ብልጭ ሲል ቀድማ ያየችው «ሴቭ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሁላችንም ያለንበትን ትተን እናስቀምጣለን። ኮምፒውተር የሚያውቀው የመጨረሻውን የተቀመጠውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሽው ሁሉ እንዳልተሠራ ነው።

ልጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች። አባቷን እግዚአብሔር ቀድሞ ወስዶታል፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ቢሮ መጥታ ትጠብቀኝ ነበር። ፊደል ለይታ ሳትጨርስ ከደብተሯ ቀና ብላ «ሴቭ!» ትላለች። ሥራ ሲያልቅ ጭኔ ላይ ትቀመጥና ካርታ እከፍትላታለሁ። እጄ በማውሱ ላይ፣ እጇ በእጄ ላይ። «እማዬ፣ ቀዩን በጥቁሩ!» ትላለች። ፀጉሯ አገጬን ይኮሰኩሰኝ ነበር።

ጡረታ ስወጣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሲዘጋ ከሚሸጡት ኮምፒውተሮች አንዱን አመጣችልኝ። ግማሾቹ ፊደላት ከቁልፎቹ ላይ ተፍቀዋል። «ማን ይጽፍበታል?» ስላት «ጣትሽ ያውቃቸዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ብዙ አልጻፍኩበትም። እሷ ስትመጣ ካርታ እንጫወትበታለን፤ እሷ ማውሱን ይዛ፣ እኔ ከኋላዋ ወንበሩን ተደግፌ ቆሜ። ጭኔ ላይ መቀመጡ ቀርቶ ቦታ ተቀያየርን እንጂ ጨዋታው ያው ነው።

ሰው ለምን እንደሚወደው አስቤ አውቃለሁ። ካርታው ሲታደል አያዳላም። የተበላሸውን ተወት አድርጎ አዲስ መጀመር ይቻላል፤ ማንም አይወቅስሽም። ደግሞ ኔትወርክ አይፈልግም። በዚያ ክረምት ስልኩ እንደ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፣ ካርታው ብቻ ነበር ስከፍተው የሚከፈትልኝ። በከፈትኩት ቁጥርም በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል፤ ያስቀመጡት ጨዋታ አለ፣ እሱን ይቀጥላሉ ወይስ አዲስ ይጀምራሉ? አዲስ ካልኩ የልጄ ይጠፋል። ስለዚህ እቀጥላለሁ እለዋለሁ። ንጉሡና ሁለቱ ንግሥቶች እሷ እንደተወቻቸው ይመጣሉ። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ አያቸዋለሁ። ልክ ትናንት ከወንበሩ የተነሣች ይመስለኛል።

ፍልሰታ ገባ። ከቅዳሴ መልስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውላል። ሰፈር ውስጥ ወሬ አይጠፋም፤ አንዱ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል ይላል፣ ሌላው ሠራተኞቹ በእግር ወጡ ይላል፣ ሌላው ስለማያውቀው ዝም ይላል። ዝም የሚለው ይበልጥ ያስፈራኛል። ከማእድ ቤት መስኮቴ የአስፋልቱ ጫፍ ይታያል፤ ሰው በእግር ሲመጣ ባየሁ ቁጥር አረማመዱን እለካለሁ። አንድም ቀን የእሷ አልሆነም።

በጾሙ ስምንተኛ ቀን፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ እጄ ሳላዘው ወደ ማውሱ ሄደ። በልቤ እንዲህ አልኩ፤ ይህ ጨዋታ ከወጣ ልጄ ደህና ናት። ካልወጣስ ምን እንደሆነ አልጨረስኩትም። ግን ገብቶኛል።

ባለ ልቧን ንግሥት አንሥቼ ንጉሡ ላይ አስቀመጥኳት።

መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ወጣቱ ጃክ ተቀመጠ፣ አሥሩ ተከተለ፣ የተከደኑት እየተገለጡ መጡ። ከዚያ ቀስ እያለ ጠበበ። የቀሩትን ካርታዎች እያገላበጥኩ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር ሄድኩ። የሚሄድ የለም። ባለ አልማዟ ንግሥት መሄጃ አጥታ በረድፏ ላይ እንደተገተረች፣ የምፈልገውን ሁሉ ከሥሯ ይዛ ቆማለች።

እሷን እያየሁ ሳለሁ መብራት ሄደ። መስታወቱ ጠቆረ። በጥቁሩ ውስጥ ነጠላዬን የለበስኩት እኔው ራሴ ታየሁ።

ሦስት ቀን አልከፈትኩትም። መብራቱ በማግስቱ መጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ኮምፒውተሩን ጨርቅ ጣል አድርጌበት በዚያ ክፍል ማለፍ ተውኩ። ልጄን በእጄ የቀበርኳት መሰለኝ። በአራተኛው ቀን የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሰሙ ዓይናቸውን ይከድናሉ።

«አባቴ፣ ካርታ ተጫወትኩ» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ካርታ? ከነማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻሽን ተጫውተሽ ማን በላሽ?»

«የሚበላ የለም አባቴ። በኮምፒውተር ነው።»

«ታዲያ ኀጢአቱ ምኑ ላይ ነው? ወንዶቹ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እየተጫወቱ አይደል የሚያድሩት? አንዱም መጥቶ አልነገረኝ።»

የቀረውን ነገርኳቸው። ከወጣ ደህና ናት ብዬ እንደነበር፣ እንዳልወጣ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ ሌላ ነው» አሉ። «ጠንቋይ ቤት ብትሄጂ ኖሮ ቢያንስ ውሸታም መሆኑን ታውቂ ነበር። አንቺ ግን ራስሽ ጠንቋይ፣ ራስሽ አስጠንቋይ ሆንሽ። እግዚአብሔርን እንዴት አታምኚውም!»

አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። በቀን አርባ ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴን አይተው «ካቃተሽ ወንበር ያዢ» አሉ። ልነሣ ስል መልሰው ጠሩኝ።

«ልጅሽ ስትመጣ ምን ልታበያት ነበር ያሰብሽው?»

«ጭኮ ትወዳለች።»

«ገብሱን አስፈጭተሻል?»

«አላስፈጨሁም።»

«አየሽ! የሚጠብቅ ሰው ያሰናዳል። ሂጂ ገብስሽን አስፈጪ።»

በማግስቱ ገብሱን ቆልቼ ወፍጮ ቤት ወሰድኩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ተራ የያዘች አንዲት እናት «አዴ፣ አካም ቡልተኒ?» አለችኝ፤ እናቴ፣ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። «ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» አልኳት። ደህና፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ይህን መልስ የምሰጠው በከንፈሬ ነበር። ያን ቀን በልቤም ልለው ሞከርኩ። እንኳን አስፈጨሁ። ዱቄቱን በጣሳ ከድኜ አስቀመጥኩት።

የጾሙ መጨረሻ ቀን፣ ነሐሴ 15፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ባለሱቁ በሬን አንኳኳ። የጉራጌ ሰው ነው፤ ነቀምቴ ከከተመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሱቁ አስፋልቱ ዳር ስለሆነ ሾፌሮች መልእክት የሚያኖሩት እሱ ዘንድ ነው። ዝናብ ላይ ጃንጥላ ሳይዝ መጥቷል።

«እትዬ፣ ይምጡ፣ ይምጡ! በነጠላ ጫማም ይሁን፣ ይምጡ!»

«ምን ሆንክ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! አንድ ሰው መጥቷል።»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጭቃ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ፊቴን አይቶ ሰላምታውን ትቶ ዋናውን አስቀደመ።

«ኢንተሊ ኬሰን ፈያዳ» አለኝ። ልጅዎ ደህና ናት።

ባለሱቁ በርጩማ ገፋ አደረገልኝ። ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ከኪሱ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። መንገዱ ለአንድ ሁለት ቀን ተከፍቶለት መድኃኒት አድርሶ መመለሱ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደገና ወደዚያው ይጭናል። ወረቀቱ የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ በጀርባው ላይ ተጽፎበታል። የልጄ እጅ ነው።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። እዚህ ሥራ ብዙ ነው፣ ሰውም ይንከባከበኛል። ጫማዬ ብቻ አለቀ። መቼ እንደምወጣ አላውቅም። መብራት የለንም፤ ጋደም ስል ያንን ካርታ በሐሳቤ እከፍተዋለሁ። አንድ ቀን ባለ ልቧን አስቀምጣለሁ፣ አንድ ቀን ባለ አልማዟን። አንቺ ከኋላዬ የቆምሽ ይመስለኛል። እንዳትነኪብኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለሱቁ አንገቱን ሰገግ አድርጎ «ምን አለች?» አለኝ።

«ጫማዬ አለቀ አለች።»

«ይሄው ነው?» ቀና ብሎ ከመደርደሪያው የጎማ ጫማ አወረደ። «ቁጥሯ ሠላሳ ስምንት ነው፤ አውቀዋለሁ። በየወሩ እኔን ሳትጨቀጭቅ ሄዳ ታውቃለች? ይውሰዱላት። ስለ ዋጋው እሷ ራሷ መጥታ ትከራከረኛለች።»

ማታ ዱቄቱን በቅቤ ለውሼ ጭኮውን አሸሁት። ጾም ስለሆነ አልቀመስኩትም፤ ጨው ቢበዛ ቢያንስ ልጄ ምክንያቱን ታውቀዋለች። መብራት አልነበረም። ሳሽ አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር። ልጄ በሐሳቧ የምትከፍተው ጨዋታ ቤት ውስጥ የለም። እኔ አበላሽቼዋለሁ።

በማግስቱ የእመቤታችን በዓል ነበር። ሌሊት ቅዳሴ ገብተን ሲነጋጋ ወጣን። ቤት ስገባ የማእድ ቤቱ አምፖል በርቶ አገኘሁት። ጾሜን ሳልፈታ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ጨርቁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣሁና ከፈትኩት። ያው ጥያቄ መጣ። እቀጥላለሁ አልኩት።

ጥቁሩ ንጉሥ ብቻውን ተቀምጧል። ሁለቱም ቀይ ንግሥቶች በየቦታቸው ይጠብቃሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በጾሙ ስምንተኛ ቀን መብራቱ ሲጠፋ እኔ ምንም አላስቀመጥኩም ነበር። ኮምፒውተር የሚያውቀው የመጨረሻውን የተቀመጠውን ብቻ ነው፤ የመጨረሻው የተቀመጠው ደግሞ ልጄ እንደተወችው ያለው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «ሴቭ!» ስጮኽ የኖርኩ ታይፒስት፣ ይህን ዘንግቼ ሰባት ቀን አነባሁ። መብራት ስለጠፋ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት በዚያ ጠዋት ብቻ ነው። ወንበሩን ይዤ ሰገድኩ።

ጨዋታውን ዘጋሁት። ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ይቀመጥ አልኩት።

ከዚያ ወረቀት አምጥቼ በእጄ ጻፍኩላት። «ልጄ፣ ነክቼብሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። መብራት ጠፍቶ አንቺ እንደተውሽው ተመልሷል። በባለ ልቧ አይወጣም፣ ሞክሬዋለሁ። ባለ አልማዟን አልነካኋትም፤ እሷን አንቺ ነይና ሞክሪ።»

ወረቀቱን ጫማው ውስጥ ከተትኩት፣ ጭኮውን በጣሳ አድርጌ አሰርኩት፣ ወደ ሱቁ ወረድኩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ዕቃውን ተቀብሎ ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀመጠው። መኪናው ሲንቀሳቀስ በሰኔ የቀረብኝን አማተብኩ፤ በመኪናው ላይ፣ በጣሳው ላይ፣ በመንገዱ ላይ።